ሰይጣን ያደረበት የመብራት ሳጥን

እኔ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ንፍሮ ስቆረጥም መሥሪያ ቤቴ በሌለሁበት ሾመኝ። ሹመቱ ደመወዝ አይጨምርም፣ ቢሮ የለውም፣ ወንበር የለውም፤ ያለው ስም ብቻ ነው። “የሥራ ቦታ ደህንነት ተጠሪ” ይባላል። ስብሰባው ላይ ማን ይሁን ሲባል የተገኙት ሁሉ የየራሳቸውን ምክንያት አቀረቡ አሉ። አንዱ ደም ብዛት አለብኝ አለ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነኝ አለች፤ ሌላው ከሰው ጋር መጣላት አልወድም አለ። ምክንያት ያላቀረብሁ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አልነበርሁማ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥሁ።

መሥሪያ ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰባታሚት በኩል ያለ አነስተኛ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። ጀሪካን፣ ባልዲና የሕፃናት ፖፖ እንሠራለን። እኔ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ፖፖ ስረከብና ሳስረክብ የምውል ሰላማዊ ሰው ነኝ ማለት ነው። ከሹመቱ በፊት ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ፖፖ ይዞ የሚጣላ ሰው አይቼም አላውቅ።

ከተሾምሁ በኋላ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሥልጠና ላኩኝ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ያየው እኛን ሳይሆን የመውጫውን በር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አደጋ ማለት ከደረሰ በኋላ “ወይኔ” የሚባልለት ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ግን አደጋ ቀደም ብሎ መጥቶ፣ ጥግ ይዞ ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቀን አስረዳን። በሚያንሸራትት ወለል ላይ አለ፤ በሚሽከረከር ነገር ላይ አለ፤ በጩኸት፣ በሙቀት፣ በተገለጠ ሽቦ ላይ አለ። የእናንተ ሥራ ቀድሞ ማየት ነው አለን።

አየሁ። ችግሩ ማየት ከጀመርሁ በኋላ ማቆም አለመቻሌ ነው። ገና ከአዳራሹ ስወጣ አስተናጋጁ በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይዞ ሲሮጥ አይቼ ዓይኔን ጨፈንሁ። ምሳዬን የበላሁት ጀርባዬን ለግድግዳ፣ ፊቴን ለበሩ ሰጥቼ ነው። አብረውኝ የሠለጠኑት ሰዎች ዓሣቸውን በሰላም በሉ፤ እኔ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን መብራት ስጠብቅ ሾርባዬ ቀዘቀዘ።

ሰኞ ፋብሪካ ስገባ ያ ስንት ዓመት የሠራሁበት ቤት ሌላ ቤት ሆኖ ታየኝ። የተበላሸውን ፕላስቲክ መልሶ የሚፈጨው ማሽን ሲጮህ ሰው ራሱን አይሰማም፤ ስለዚህ የእኛ ሠራተኛ ቤቱ ገብቶም እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ ጎረቤቶቻችን ትዳራችን የማያምር ይመስላቸዋል። ፎርክሊፍቱ ክላክስ የለውም። ሾፌሩ ደሴ በክላክስ ፈንታ ያፏጫል፤ ፉጨት ከክላክስ ይሻላል እያለም ይሟገታል። መፍጫው እየጮኸ ፉጨቱን ማን ይሰማዋል ብዬ ብጠይቀው፣ እኔ እሰማዋለሁ አለኝ።

መፍጫውን የምታዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ደግሞ መከለያ የላትም። እትዬ ይታይሽ አጠገቧ ይቆማሉ። እትዬ ይታይሽ በፋብሪካው ከሁሉም የቆዩ ሴት ናቸው፤ የመፍጫው ኃላፊም፣ የሠራተኛው የሚካኤል ማኅበር አስተባባሪም እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚሠሩት፤ የነጠላው ጫፍ በቺንጋዋ ነፋስ ብድግ ሲል የእኔም ልብ አብሮ ብድግ ይላል። ነጠላውን በሥራ ሰዓት ቢያስቀምጡት ምን ይመስልዎታል ብዬ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ነሱኝ።

ከሁሉም የባሰው ግን የመብራቱ ሳጥን ነበር። ሰው የሚያህል የብረት ሳጥን ነው፤ ለመላው ፋብሪካ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። በር የለውም። ነበረው፤ ማጠፊያው ተሰብሮ ሲወድቅ ጥበቃው ወስዶ ለውሻው ቤት ጣሪያ አደረገው። ስለዚህ የእኛ ውሻ ክረምቱን ጠብታ ሳይነካው ይከርማል፤ ሽቦዎቹ ግን አንጀታቸው ተዘርግፎ ሜዳ ላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ፈንታሁን አመለከትሁ። አቶ ፈንታሁን ደግ ሰው ናቸው፤ የምትላቸውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰምተው “ይታያል” ይሉሃል። በእኛ ቤት ይታያል የተባለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ማኅበራችን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ዝክር ያዘጋጃል። ከሐይቁ ገዳማት ከአንዱ አባ ተክሌ ይመጣሉ፤ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ጠበል ይረጫሉ። ከዚያ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ ይቀዳል። አባ ተክሌ የእኔም የንስሐ አባቴ ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ከመቃብሩ አፋፍ አልነሣም ስል ክንዴን ይዘው ያነሡኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ ምድር ላይ እንዲያረጁ እንጂ እንዲሞቱ የማልፈልጋቸው ሰው ቢኖሩ አባ ተክሌ ናቸው።

አምና ታዲያ አባ ከሩቅ ሆነው ሲረጩ ጥቂት ጠብታ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ጧ አለ። ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፤ ትንሽ ጭስ ተከተለ፤ መላው ፋብሪካ ጨለመ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ሰይጣን ጮኾ ሲወጣ ሁሉም በዓይኑ አየ። እኔም እልል ካሉት አንዱ ነበርሁ፤ ያን ጊዜ ገና አልሠለጠንሁም።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ጤና አጣ። ቀን ሥራ ላይ እያለን ድንገት ይጠፋል፤ አንዳንዴ ይንጣጣል፤ አንዳንዴ የላስቲክ ቃጠሎ ይሸታል። ጠበል የገባበት ሽቦ ተጎድቶ ነው የሚል ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰማው አልነበረም። ሠራተኛው የተስማማበት ምክንያት ሌላ ነበር፤ አምና የወጣው ሰይጣን ወንድሞቹን ይዞ ተመልሷል። ስለዚህ ዘንድሮ በጠብታ አይበቃም ተባለ። አባ እዚያው ሳጥኑ ፊት እንዲቆሙ፣ መጀመሪያ በመስቀላቸው ሳጥኑን እንዲዳስሱት፣ ከዚያ በራሳችን ምርት በአዲስ ትልቅ ባልዲ ውስጡን እንዲያጥቡት ማኅበሩ ወሰነ።

ይህን ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። አባ ሲጸልዩ ጫማ ያወልቃሉ። ወለሉ እርጥብ ነው። እጃቸው ላይ የናስ መስቀል አለ። ፊታቸው የተገለጠ ሽቦ አለ። አሠልጣኙ “ይህን በሕይወታችሁ እንዳታደርጉ” ብሎ ያሳየን ሥዕል ላይ ከነበረው ነገር አንድም አልጎደለም፤ እንዲያውም መስቀሉ ተጨማሪ ነው።

መጀመሪያ አቶ ፈንታሁን ዘንድ ሄድሁ። ለዚያች ሰዓት ብቻ መብራቱን እናጥፋው አልኋቸው። ማሽኑ ከቆመ ሆዱ ውስጥ ያለው የቀለጠ ፕላስቲክ እንደሚረጋ፣ ከረጋ ደግሞ በመሮ እየተፈለፈለ እንደሚወጣ ዘርዝረው አስረዱኝ። እንግዲያው ጠበሉን ሳጥኑ ላይ አይረጭ ይበሉልኝ አልሁ። በመስኮት ብቅ ብለው ሰው እንደሌለ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“አንተ ሰው፣ ጠበል ከለከለ ተብዬ በዚህ ከተማ ልኑር? ተጠሪው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራቸው።”

ወደ ኤሌክትሪክ ባለሙያችን ወደ ዘመነ ሄድሁ። ዘመነ ውኃና ኤሌክትሪክ እንደማይስማሙ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ የተማረውም እሱን ነው። ግን የእትዬ ይታይሽን ልጅ አጭቷል። ሽማግሌ ልኮ ገና መልስ እየጠበቀ ነው። “ወንድሜ፣ እኔ አሁን አፍ የለኝም፤ ቀለበት ካሰርሁ በኋላ ና” አለኝ። ዝክሩ ደግሞ ከቀለበቱ ይቀድማል።

ሠራተኛውን ራሱ ላነጋግር ብዬ በምሳ ሰዓት ተነሣሁ። ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል አልሁ። ይህ ውኃ አይደለም፣ ጠበል ነው አሉኝ። እኔም እኮ አማኝ ነኝ፤ ሆዴን በታመምሁ ቁጥር ሐኪም ቤት ከመሄዴ በፊት ጠበል የምጠጣ ሰው ነኝ። እየተምታታብኝ ጠበልም ቢሆን እርጥብ ነው ብዬ ጀመርሁ። ደሴ ጉርሻውን አላምጦ ሲያበቃ፣ ጠበል ሰው ገደለ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። አልሰማሁም። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ ለራሳቸው ለአባ መንገር። የእሑድ ጸሎት እንዳለቀ ጀልባ ተሳፈርሁ። ጀልባው ላይ እግሬን እንዳነሣሁ በሽታዬ ተነሣብኝና የሕይወት አድን ጃኬት የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ባለ ጀልባው ሁሉንም ደራርቦ ተቀምጦባቸው ኖሯል፤ እንጨቱ ይቆረቁራል። አንዱን ከሥሩ መዝዞ ሲሰጠኝ መቀመጫው ዝቅ አለበትና ገላመጠኝ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ተሳፋሪው ነጭ በነጭ ለብሷል፤ እኔ ብቻ ብርቱካናማ ሆኜ መካከል ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የነበሩ እናት፣ እንዲህ የሚያስፈራ ኃጢአት ምን ቢሠራ ነው ብለው ለጓደኛቸው ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው።

አባ ጌሾ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምሁ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ዳቦ አቀረቡልኝ። አባ፣ ስለ ሚካኤል ዝክር ብዬ ጀመርሁ። እትዬ ይታይሽ በስልክ እንደነገሯቸው፣ ዘንድሮ ደህና አድርገው እንደሚዘጋጁ ነገሩኝ። አዎ፣ እሱን በተመለከተ አልሁና ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ለንስሐ አባት “አባቴ፣ የሚረጩት ጠበል ይገድልዎታል” ተብሎ በየትኛው አፍ ይነገራል? የገዛ አፌ ከድቶኝ፣ ሐይቁ ዘንድሮ እንዴት ነው አልሁ። ሐይቁን ስለ ወረረው የእምቦጭ አረም ረጅም ነገር አጫወቱኝ። እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ሌላ ነገር ወጣኝ። በመጨረሻ፣ ልጄ የከበደህ ነገር አለ ወይ ቢሉኝ በሥራ ባልደረቦቼ ላይ መናደዴን ተናዘዝሁ። እውነትም ተናድጄ ነበር። ልነግራቸው ሄጄ የቀኖና ስግደት ተሸክሜ ተመለስሁ።

የሚካኤል ዕለት ማንም ሳይመጣ ቀድሜ ፋብሪካ ገባሁ። ከግምጃ ቤት ወፍራም ላስቲክ አውጥቼ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ሸፈንሁት፤ ዙሪያውንም በሲባጎ አሰርሁት። በሥራዬ ረክቼ ዞር ስል እትዬ ይታይሽ ዳቦ ተሸክመው መጡ። ሳጥኑን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ሳጥኑን አዩ። ነጠላቸውን አጥብቀው ላስቲኩን ከነሲባጎው ገፈፉት።

“ሰይጣኑን ልብስ አለበስህልን?” አሉኝ።

ጸሎቱ ተጀመረ። አባ ተክሌ ባዶ እግራቸውን፣ መስቀላቸውን ይዘው ማሽኖቹን ዞሩ። ደሴ ባልዲውን ተሸክሞ ከኋላቸው ይከተላል። ጀሪካን መሥሪያውን ረጩ፤ የፖፖውን ማሽን ረጩ፤ መፍጫውን ረጩ። ወለሉ በያለበት ኩሬ ሆነ። ሰው ሁሉ ወደ ሳጥኑ መጠጋት ጀመረ፤ አንዳንዱ ብልጭታውን ለመቅረጽ ስልኩን አዘጋጅቷል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ሚካኤልን እለምናለሁ። ዘመነ ዓይኔን ላለማየት የጫማውን ክር ደጋግሞ ያስራል።

አባ ሳጥኑ ፊት ደረሱ። ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው አካባቢ ይታያል። መስቀሉን ወደ ብረቱ ዘረጉ። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት አስቤበት አይደለም። ከግድግዳው ተፈናጥሬ በአባና በሳጥኑ መካከል ገባሁ፤ እጄን ዘርግቼ ቆምሁ፤ ባለ በሌለ ድምፄም “አይረጭም! አይቅረቡኝ! ይቃጠላል!” ብዬ ጮኽሁ።

እስቲ አስቡት። ጠበል ሊረጭ ሲል እየዘለለ መጥቶ አይረጭም የሚል፣ መስቀል ሲቀርብ አይቅረቡኝ የሚል፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ላቡ የሚንቆረቆር ሰው በአገራችን ምን እንደሚባል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። እትዬ ይታይሽ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ለካ ይሄን ሁሉ ወር ያናገረን እሱ ኖሯል አሉ። ወዲያው ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላቸው። ነጠላ አውልቂ ያላቸው እሱ ነው፤ በጠበል የተከራከረው እሱ ነው፤ ሳጥኑን ልብስ ያለበሰውም እሱ ነው።

ደሴ ከኋላ አቀፈኝና ጎትቶ ወደ ግቢው አስወጣኝ። ደሴ ያቀፈው ሰው አይፈናፈንም። መሬት ላይ አንበረከኩኝና ያ ባልዲ እንዳለ ራሴ ላይ ፈሰሰ። የኅዳር ውኃ ነው፤ ሲነካኝ በእውነት ጮኽሁ፤ ጩኸቴም ማስረጃ ሆነብኝ። ሌላ ባልዲ መጣ። ሲወርድብኝ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ሰው ሁሉ ከሳጥኑ ርቋል፤ አባም ተከትለው ወጥተዋል፤ ጠበሉ ሁሉ እኔ ላይ እያለቀ ነው። እየተንቀጠቀጥሁ ሥራዬን በደንብ እየሠራሁ እንደሆነ ተሰማኝ።

አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው በስመ አብ ካሉ በኋላ እንደ ወጉ መጠየቅ ጀመሩ።

“ማነህ? ተናገር።”

“የሥራ ቦታ ደህንነት ተጠሪ ነኝ።”

“ስሙን ደበቀ” አሉ እትዬ ይታይሽ።

“መቼ ገባህ?”

“ለቅሶ የሄድሁ ዕለት፤ በሙሉ ድምፅ ተመርጬ ነው።”

ሰው አማተበ። የመረጡኝ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ደሴ ያቀፈኝን ክንዱን ትንሽ ላላ አደረገ፤ ለካ እሱም እጁን አውጥቶ ነበር።

አባ ጎንበስ አሉ። ጢማቸው ጆሮዬን ነካ። ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ “ልጄ፣ አንተ ነህ?” አሉኝ። ድምፃቸው ያኔ መቃብሩ አፋፍ ላይ ያነሣኝ ድምፅ ነው። እንባዬ መጣ።

“እኔ ነኝ አባ። ያ ሽቦ ይገድልዎታል። እግርዎ እርጥብ ነው፤ እባክዎ እንዳይነኩት።”

አባ ቀና ብለው ወደ ሳጥኑ አዩ። እግራቸውን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና “ምን ትፈልጋለህ? ሕዝቡ ሁሉ ይስማው፤ ተናገር” አሉ።

ተናገርሁ። መብራቱ አሁኑኑ ይጥፋ አልሁ። ሳጥኑ ይጠገን፤ በሩ ከውሻው ቤት ላይ ወርዶ ይገጠምለት። ለቺንጋዋ መከለያ ይሠራ፤ ነጠላ አጠገቧ አይድረስ። መፍጫው ዘንድ የሚቆም ሰው የጆሮ መድፈኛ ይሰጠው። ፎርክሊፍቱ ክላክስ ይገጠምለት። ስንት ወር ሙሉ ያመለከትሁትን ነው የደገምሁት፤ አንዲት ቃል አልጨመርሁም፤ አንዲት ውሸት አልተናገርሁም። ማንነቴን ተጠይቄ በእውነት መልሻለሁ፤ ያላመኑኝ እነሱ ናቸው።

“ምን ዓይነት ሰይጣን ነው ክላክስ የሚፈልገው?” አለ ደሴ።

“የከተማ ነዋ” አሉት እትዬ ይታይሽ።

አቶ ፈንታሁን ከሰዉ ኋላ ቆመው ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል። ስለሚረጋው ፕላስቲክ አንድም ነገር አላነሡም። “ይደረጋል አባ፤ ያለው ሁሉ ይደረጋል፤ ብቻ ይውጣ” አሉ። ያን ዕለት “ይታያል” የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም።

ዘመነ የወደፊት አማቱን ፊት አየት አደረገ። እትዬ ይታይሽ ሂድ የሚል ምልክት ሰጡት። ወፍራም የላስቲክ ቦቲውን ተጫምቶ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ የኤሌክትሪክ መሞከሪያውን ይዞ ገባ። በሩ ላይ ሆነን እናየዋለን። መሞከሪያውን ሽቦው ላይ አላደረገም፤ የሳጥኑን ብረት ነካው። መሞከሪያው በራ። ሌላ ቦታ ነካው፤ በራ። አይጥ የበላው ሽቦ ከኋላ ተገልጦ ብረቱ ላይ ተኝቶ ኖሯል። ዘመነ ወጥቶ ዋናውን መብራት አጠፋና ተመለሰ። እትዬ ይታይሽ ምን አገኘህ አሉት።

“ሳጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዟል” አለ። “በእርጥብ እግር ብረቱን የነካው ሰው አይተርፍም ነበር።”

ሁላችንም ያየነው የአባን እግር ነው። አሮጌ፣ የተሰነጣጠቀ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የረጠበ እግር ነው፤ ጣቶቹ ላይ የፋብሪካችን የፕላስቲክ ፍርፋሪ ተጣብቋል። መስቀሉ ብረቱን ለመንካት የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁና እንደ ልጅ አለቀስሁ። ፈርቼ ነው ያለቀስሁት፤ ደግሞም ደስ ብሎኝ። እትዬ ይታይሽ ማልቀሴን ሲያዩ “ለቀቀው” ብለው እልል አሉ፤ ግቢው በእልልታ ተሞላ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለእኔ የሠርግ ያህል ነው። ጥበቃው የሳጥኑን በር ከውሻው ቤት ላይ አወረደ። ውሻው ለምን እንደሆነ ሳይገባው ጮኸ። እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከቺንጋዋ ርቆ ያለ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ እኔንም በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው ከፀሐይ ላይ አስቀመጡኝና ጠላ በእጃቸው አጠጡኝ። ለስንት ወር የነፈጉኝን ፊት ያን ዕለት መልሰው ሰጡኝ። ከቀዳሁልህ ጨልጠው፣ ደክሞሃል፣ አንተ ምን አጠፋህ እሱ ነው እንጂ እያሉ አባበሉኝ። እኔ ነበርሁ እኮ እትዬ ልል ከጅሎኝ፣ ሚስማሩ ላይ ያለውን ነጠላ አየሁና ጠላዬን ጠጣሁ።

ዳቦው ተቆርሶ ሰው ሲጫወት አቶ ፈንታሁን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ትንሽ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። ግራ ቀኝ አይተው፣ “ሳይጠቅሰው የቀረ ነገር ይኖር ይሆን? ተመልሶ ከሚመጣ አሁኑኑ እንጨርሰው” አሉኝ። የእጅ ጓንትና የማያንሸራትት ጫማ አልኋቸው። ሰኞ ይገዛል አሉ። ተገዛም።

ማምሻውን አባን እኔ ልሸኛቸው ብዬ በባጃጅ ወደ ጀልባው ይዣቸው ወረድሁ። ሐይቁ ዳር እስክንደርስ ጢማቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ። ጀልባው ላይ እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ክንዴን ያዙኝ።

“ያን ለት ገዳሙ ድረስ የመጣኸው ይህን ልትነግረኝ ኖሯል?”

“አዎ አባቴ።”

“ምነው ታዲያ ዝም አልህ?”

“እምነቴን ይጠራጠሩታል ብዬ ፈራሁ።”

አባ ውኃውን አዩ። ባለ ጀልባው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃቸዋል።

“እኔም ያንን ሳጥን አምና ጧ ካለ ጀምሮ እፈራዋለሁ” አሉኝ። “ዛሬም ልቀርበው አልፈለግሁም ነበር። አልቀርብም እንዳልል ግን፣ እናንተ እምነቴን ትጠራጠሩታላችሁ ብዬ ፈራሁ።”

ይህን ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ጀልባው ውስጥ ገቡ።